የዶ ግራ እግር

ወይዘሮ አገሪቱ ልጇ ሔቨን ወደ ምድር ጫፍ ልትሄድ መሆኑን በስልክ ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችው፣ «እዚያ የሚበላ አለ ወይ?» ብላ ነበር። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺንስ የሚበላ?» አለች።

ሔቨን ሁለቱንም አልደበቀችም። «ፓስታ አለ፣ እማ። ነጭ ድብም አለ። ግን ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ከኛ ጋር ነው።»

ይህን ያለችው ለማጽናናት ነው። ጠመንጃ የሚያስፈልገው ቦታ እንዴት እንደሚያጽናና ግን አገሪቱ እስከ ዛሬ አልገባትም። በጄኔቫ፣ ግራንድ ሳኮኔ በምትሠራበት የዲፕሎማት ቤት ስድስት ሳምንት ሙሉ ሸሚዝ ስትተኩስ ድብ፣ ብርጭቆ ስትወለውል ድብ ይታያት ነበር። አንድ ቀን የቤቱ እመቤት ነጭ የሱፍ ምንጣፍ ገዝተው ቢመጡ ጮኸች።

ልጅቷ አፍንጫዋ ተልጦ፣ ሌላው አካሏ ሳይጎድል ተመለሰች። ሔቨን ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። በአራት ዓመቷ ከእናቷ ጋር ስዊዘርላንድ ገብታ እዚያው አደገች፤ ዙሪክ ፊልም ተማረች፤ አሁንም እዚያው ሽዋመንዲንገን ሰፈር ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ትኖራለች። ወደ ዋልታው የሄደችው ፊልም ልታነሣ ነው፤ ያነሣችውም ከጠባቂው በቀር ብቻዋን ሆና ነው። ካሜራዋን በሦስት እግሩ አቁማ አንድ የበረዶ ግድግዳ ፊት አምስት ሰዓት ትጠብቃለች። ባትሪው በብርድ እንዳይሞት ብብቷ ሥር ትይዘዋለች። ማይክሮፎኑን በገመድ ወደ ባሕሩ ሰድዳ በረዶው ሲሟሟ የሚያሰማውን ድምፅ ትቀዳለች።

«ታዲያ ማን ነው የሚናገርበት?» አለች አገሪቱ፣ ሔቨን ልትጠይቃት ጄኔቫ የመጣች ዕለት።

«ማንም። ፊልሙ ቃል የለውም።»

«ቃል የሌለውን ሰው እንኳ የሚያምነው የለም። ፊልሙን ማን ያምነዋል?»

«ሰው ያያል፣ እማ። ዝም ብሎ ያያል። በረዶ፣ ብርሃን፣ ንፋስ፣ ውሃ። ሃምሳ ደቂቃ።»

«ሃምሳ ደቂቃ በረዶ ብቻ?»

«ብቻ።»

«እንዲህ ከሆነማ ጥር ላይ በመስኮት ብታሳዪኝ ምን ነበረበት! ከድቡ እንኳ እተርፍ ነበር።»

ሔቨን ሳቀች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እናቷ ሳብ አድርጋ፣ «አንድ ቃል ግን አለው። ርዕሱ። በረዶ። በአማርኛ። አንቺ በእጅሽ ትጽፊዋለሽ» አለቻት።

አገሪቱ የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች። ፊደል መቁጠር የጀመረችው በአርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ካሣዬ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እሷንና ሌሎች አምስት ሴቶችን ያስተምራሉ። ሁለት ዓመት ሆኗታል። ደብተሯን የምትደብቀው የፎጣ መደርደሪያ ውስጥ ነበር፤ ሔቨን ፎጣ ስትፈልግ አገኘችው። ሔቨን ጀርመንኛም ፈረንሳይኛም እንግሊዝኛም ታነባለች፤ ከአማርኛ ፊደል ግን አንዱንም አትለይም። ላያት ሰው እንደ ሥዕል ነበር ገጹን የምታገላብጠው።

«እኔ? ሰው ሞልቶ! የጋሽ ካሣዬን የእጅ ጽሑፍ ብታዪ እኮ ማተሚያ ቤት ነው የሚመስልሽ።»

«የሳቸው ቆንጆ ይሆናል። ያንቺ ግን… ቪ ዛግት ማን… እንዴት ይባላል… ይንቀጠቀጣል። እኔ እሱን ነው የምፈልገው።»

«ማመስገንሽ ነው መስደብሽ?»

«ማመስገኔ ነው!»

እንግዲህ ልጅ የለመነችውን እናት እንዴት እንቢ ትላለች። አገሪቱ ሦስት ሳምንት ተለማመደች። «በ» አላስቸገራትም። «ረ»ም አላስቸገራትም። የሚያስፈራው «ዶ» ነበር። ጋሽ ካሣዬ ሲያስተምሩ ከወንበራቸው ተነሥተው በአንድ እግራቸው ይቆሙ ነበር፤ «ዳ በቀኝ እግሯ ትቆማለች፣ ዶ በግራ እግሩ ይቆማል፤ ግራ እግሩን ማስረዘም እንዳትረሱ!» እያሉ። አገሪቱ በገበያ ዝርዝሩ ጀርባ፣ በፖስታ ወረቀት፣ ጉም በያዘው የመታጠቢያ ቤት መስታወት ላይ ሳይቀር ጻፈች። ያን ሁሉ ጊዜ ዶ በግራ እግሩ ደህና አድርጎ ቆመላት።

የመጨረሻውን፣ ሔቨን በላከችላት ወፍራም ነጭ ወረቀት ላይ የሚጻፈውን፣ እሑድ ጠዋት አሠሪዎቿ ሲወጡ ጻፈችው። እጇን ታጠበች። ጸለየች። እንዳይዛነፍ፣ እንዳይንጋደድ ተጠንቅቃ በጥቁር ማርከር ሦስቱን ፊደላት አሰፈረች። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሹካና ቢላዋ እኩል ስትደረድር የኖረች እጅ ናት፤ ፊደሎቹም የገበታ ዕቃ መስለው፣ እኩል ተሰልፈው ወጡላት። እንዲህ የሚያምር ነገር በሕይወቷ ጽፋ አታውቅም። ሐሳቧን ሳትቀይር ፖስታ ውስጥ ከትታ ወደ ዙሪክ ላከችው።

ሔቨን ፊልሙ የሚታይበትን ቀን የሚያስታውቅ፣ የእጅ ጽሑፏ የታተመበት አንድ እሽግ ወረቀት በፖስታ ስትልክላት፣ አገሪቱ ከኀፍረቷ የተነሣ አላየችውም። የራሱን ፎቶ ማየት እንደሚያፍር ሰው ዓይኗን መልሳ፣ ወረቀቱን ገልብጣ ለምታውቃቸው ሁሉ አደለች። ለጋሽ ካሣዬ ብቻ ለመስጠት አልደፈረችም። የተቀበሉት ሰዎችም አነበቡ፤ ርዕሱ እንዲህ ነው ብለው ተቀበሉት፤ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ፊልሙ የሚታየው እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ነበር። አገሪቱ ከጎረቤት ቤት ከምትሠራው ጓደኛዋ ከሰኒ ጋር ጠዋት ባቡር ተሳፈረች። ሰኒ የጅማ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ የተማረችው ግን በኦሮምኛ፣ በቁቤ ስለሆነ ፊደሉን አታነብም። ሎዛንን አልፈው ፍሪቡር ሊገቡ ሲሉ ከቦርሳዋ አንዱን ወረቀት መዝዛ አገሪቱ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«በይ አንብቢልኝ፣ የኔ ምሁር። የጻፈው ሰው ጎበዝ ነው ይላሉ።»

«አትቀልጂ።»

«ለሃምሳ ደቂቃ በረዶ ሦስት ሰዓት በባቡር የምጓዘው እኔ ነኝ። ይነበብልኝ!»

አገሪቱ እየሳቀች ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። «በ…» አለች። «ረ…» አለች። ከዚያ ጣቷ ቆመ።

«ምነው? ራስሽ ጽፈሽው ጠፋሽ?» አለች ሰኒ።

የመጨረሻው ፊደል ሁለት እግሮች አሉት። ሁለቱም እኩል ናቸው። አገሪቱ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው፤ አራቀችው፤ ዓይኗን ጨፍና ገለጠችው። እግሮቹ እኩል እንደሆኑ ቀሩ። ስልኳን አወጣች።

«ጋሽ ካሣዬ፣ በእሑድ ስለረበሽኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። እግሩ ሁለቱም እኩል ከሆነ ምን ይባላል?»

«የማን እግር?» አሉ ሽማግሌው ደንግጠው። «ማን ተጎዳ?»

«የዶ!»

«አይ፣ እኩል ከሆነማ ዶ አይደለም። ደ ነው።»

«እንግዲያ በረዶ ብዬ ሳይሆን በረደ ብዬ ነው የጻፍኩት። የልጄን ፊልም!»

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? አሁን አነበብኩት።»

«ራስሽ?» አሉ ጋሽ ካሣዬ። «ማንም ሳይጠቁምሽ የራስሽን ስሕተት ራስሽ ያዝሽ? አገሪቱ! ማንበብ እኮ ይኼ ነው! እልል በይ እንጂ!»

አገሪቱ ግን እንባዋ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ትኬት የሚያየው ሰውዬ መጥቶ አያትና ትኬቱን ሳይጠይቅ አለፈ።

«ሁለት ዓመት የለፋችበት ነው፣ ሰኒ። ቃል የሌለው ፊልም ነው። አንዲት ቃል ብቻ ነበረችው፤ እሷን ለኔ ሰጠችኝ። እሷኑ አበላሸሁባት።»

«ፈረንጅ ደ ይሁን ዶ ምን ያውቃል? ዝም በይ።»

«ሐበሻ የለም? የሽዋመንዲንገን ሰው በሙሉ ይመጣል! የማታነብ እናት አላት ብለው ይስቁባታል።»

«አነበብሽ እኮ! ያነበብሽው ነው ያስለቀሰሽ!»

ለሔቨን ደወለች፤ ስልኳ አይነሣም። የበርን ከተማን እስኪያልፉ፣ ዙሪክ እስኪደርሱ ሰባት ጊዜ ደወለች። አልትሽቴተን በሚባለው ሰፈር ከከተማ ባቡሩ ሲወርዱ ደግሞ ከጣቢያው ጀምሮ ፊልሙ እስከሚታይበት አሮጌ መጋዘን ድረስ አጥሩ በፖስተር ተሞልቶ ጠበቃቸው። በእያንዳንዱ ነጭ ወረቀት ላይ፣ የሰው ክንድ በሚያህል ፊደል፣ በረደ፣ በረደ፣ በረደ።

አገሪቱ የመጀመሪያው ፖስተር ፊት ቆማ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ወደ ጣቢያው ኪዮስክ ተመልሳ ጥቁር ማርከር ገዛች።

«አገሬ፣ ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ሰኒ።

«ግራ እግሩን አስረዝመዋለሁ። ሰው ከመጣብኝ ሳይ።»

«ሳይ? ምን ልሣል?»

«በጉሮሮሽ! እህ እህ በይ! ሳል ነው ያልኩሽ!»

ሰኒ በሳቅ አጥሩን ተደግፋ ቀረች። አገሪቱ ግን እየጠደፈች አንዱን ደ ዶ አደረገችው። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ሰባተኛውን እንደጨረሰች ሰኒ እንደ ሳምባ በሽተኛ ማሳል ጀመረች። አገሪቱ ዞር ስትል ትንሽ ውሻ የያዙ አንድ የአገሩ ሽማግሌ በቁጣ ቆመው ያዩዋታል። በጀርመንኛ ረዥም ነገር ተናገሩ። ስለ ሕግ እንደሆነ ከጣታቸው ይታወቅ ነበር።

አገሪቱ ጀርመንኛ አታውቅም። ባላት የጄኔቫ ፈረንሳይኛ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ሴ ማ ፎት፣ ሙስዩ! ሴ ማ ፎት!» አለች። ስሕተቱ የኔ ነው ማለቷ ነበር። ቋንቋው ግን ጥፋቱ የኔ ነው ማለትም ይሆናልና ሽማግሌው ወንጀለኛዋ ሳትጠየቅ አመነች ብለው ተደነቁ። የፖስተሩን ባለቤት አገኛለሁ ብለው ውሻቸውን እየጎተቱ ወደ መጋዘኑ ገቡ። አዳራሹ ሞቅ ያለ፣ ወንበሩም ምቹ ነበርና እዚያው ተቀመጡ።

ሔቨን ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ገመድ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ትሯሯጣለች። አገሪቱ ገብታ ክንዷን ያዘቻት። «ሔቪዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሳይጀመር።»

«እማ! መጣሽ!» ጉንጯን ስማ ወደ ፊተኛው ወንበር ገፋቻት። «አሁን አይቻልም። አሁን ብዙ ሽትሬስ፣ ጭንቀት፣ አለኝ። ቁጭ በይ፣ እሺ?»

«ርዕሱ እኮ…»

«ርዕሱ ዙፐር ነው! ሁሉም ሰው ወደደው!»

መብራቱ ጠፋ።

ሸራው ነጭ ሆነ። ነጭ ሆኖ ቆየ። ከነጩ ውስጥ ቀስ እያለ፣ እንደ ሰው ዱካ፣ የአገሪቱ ጽሑፍ ብቅ አለ። ከኋላ የተቀመጡት ሐበሾች፣ ጽሑፍ ሲያዩ ድምፅ ማውጣት ልማድ ነውና፣ «በረደ» «በረደ ይላል» «ምኑ ነው የበረደው?» ይባባሉ ጀመር። አገሪቱ ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳበችው።

ሻርፗን ያስገለጣት ድምፁ ነው። ተልባ ሲቆላ እንደሚንጣጣው ያለ፣ ጣ ጣ ጣ የሚል፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ድምፅ። በረዶው ባሕር ውስጥ ሲሟሟ ያፈነው አየር እያመለጠ ነበር። ከዚያ ግድግዳው መጣ፤ ሰማያዊ፣ ፎቅ የሚያህል። ማንም ምንም አይልም። ጥላው ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። አገሪቱ መጀመሪያ ድቡን ነው የፈለገችው። ድብ የለም። ቀጥሎ ልጇን ፈለገች። እሷም የለችም። ግን አንድ ጊዜ፣ ከካሜራው ጎን፣ ነጭ እንፋሎት ብን ብሎ በሸራው ላይ አለፈ።

«እሷ ናት!» አለች ሰኒን በክርኗ ጎሽማ። «ትንፋሿ ነው! አየሽ፣ ትተነፍሳለች!»

«እዚህ ቆማስ ትተነፍስ የለም? እሽሽ!» አለች ሰኒ። እሷም ግን ዓይኗን አልነቀለችም።

ብዙ ቆይቶ የግድግዳው አንድ ጎን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ተገመሰ። ድምፁ ዘግይቶ መጣ። ውሃው ተነሣ፣ ወደቀ፤ ተንሳፋፊው ቁራጭ ተገለባበጠ፤ ሆዱም ንጹሕ ሰማያዊ ነበር።

መብራቱ ሲበራ ጭብጨባው ረዥም ነበር። ሔቨን ከፊት ቆማ ጥያቄ ያለው እንዲጠይቅ ጋበዘች። መጀመሪያ እጁን ያወጣው ሙሳ የሚባል ወጣት ነው፤ ባቡር ጥገና የሚማር። በጀርመንኛ ተናግሮ በአማርኛ ደገመው።

«ፊልሙ በጣም ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ከጣቢያው ወዲህ ያሉት ሰባቱ ፖስተሮች በረዶ ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ያሉት ደግሞ በረደ ይላሉ። ፊልሙ የቱ ነው?»

ሔቨን ፈገግ እንዳለች ቀረች። «ያው አይደለም?»

ከኋላ ሳቅ ፈነዳ። «ያውማ አይደለም!» አለ አንድ ሰው። ሔቨን ወደ እናቷ ዞረች። «እማ?»

አገሪቱ ሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም። ተነሣች።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች። «በረዶ ልል ነበር። እግሩን እኩል አደረግሁትና በረደ ሆነ። ዛሬ ባቡር ላይ አነበብኩት። ፖስተሩንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ልጄ አታውቅም፤ በሷ እንዳትስቁ።»

ሙሳ ተረጎመው። ውሻ የያዙት ሽማግሌ፣ «አሃ!» አሉ ጮክ ብለው።

«በረደ ምን ማለት ነው?» አለች ሔቨን። በእውነት መጠየቋ ነበር።

«ሻይ ሲቆይ በረደ ይባላል። ጠብ ሲያልፍ በረደ ይባላል። የሰው ትኩሳት ሲወርድ በረደ ይባላል።»

ሽማግሌው እጃቸውን አወጡ። ሙሳም ጥያቄያቸውን ወደ አማርኛ መለሰው፦ «ታዲያ ያ በረዶ ያለበት አገር፣ እውነት በርዷል ወይ?»

ሔቨን ራሷን ነቀነቀች። «አልበረደም። እየሞቀ ነው። በየዓመቱ።»

አገሪቱ ከስሕተቷም አልፋ ውሸታም የሆነች መሰላት። ሔቨን ጠጋ ብላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልቀይረው እችላለሁ፣ እማ። ጄኔቫ ላይ ከመታየቱ በፊት። የአንድ ቀን ሥራ ነው» አለቻት።

ከዚህ የቀለለ መውጫ አልነበረም። አገሪቱ እሺ ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ልጅ ሲያተኩሰው» አለች፣ «እናት እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ ታደርጋለች። ‹በረደ፣ አይዞህ፣ በረደ› ትለዋለች። ገና ምንም አልበረደም። እንደ እሳት ይፋጃል። እሷም ታውቃለች፤ ግን ትላለች።»

ሙሳ ይህን ሲተረጉም ቀስ ብሎ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ቆም ብሎ ቃል ፈለገ። ሲጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ሔቨን የገመዱን ጫፍ በጣቷ ታጠማዝዛለች።

«ለኔም ትይ ነበር?»

«አስቸጋሪ ልጅ ነበርሽ። በየወሩ ነው ያልኩሽ።»

«አልቀይረውም» አለች ሔቨን። ዞር ብላ ለሕዝቡም በጀርመንኛ ነገረችው። አሁን ጭብጨባው መጣ፤ ሰኒ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ውሻውም አብሮ ጮኸ።

«ይሁን» አለች አገሪቱ እንባዋን እየጠረገች። «ግን ዶ መጻፍ እንደምችል ይታወቅልኝ!»

አንዲት ሴት ከመካከል ተነሥታ ቃሉ እንዴት እንደሚነገር ጠየቀች። አገሪቱ ነገረቻት። ሴትዮዋ ሞከረች፤ ጎረቤቷም ሞከረ፤ ሰማንያ ሰው በአንድ ላይ፣ «ቤሬዶ!» አለ።

«አይደለም!» አገሪቱ ሁለት ጉንጮቿን በጣቶቿ ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ አሳየቻቸው። «አፍ አይሾልም! አፋችሁን ካሾላችሁ ዶ ይሆናል! ደ! ደ! በ-ረ-ደ!»

ሽማግሌው ጉንጫቸውን በጣታቸው ያዙ። ሰማንያው ሰው ጉንጩን ያዘ። «በ-ረ-ደ!» አለ አዳራሹ፣ በዙሪክ ጉሮሮ፣ «ረ»ዋን እንደ ጠጠር እያንከባለለ።

«ጎበዝ! አሁን ልጄ ብቻዋን።»

ሔቨን ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ትከሻዋን ቀጥ አድርጋ፣ አፏን ከፈተች። «በረ… ዶ።»

«ከመጀመሪያው!» አለች እናቷ።